የሟቹ ደብዳቤና አንባቢዎቹ፦ የገጸ ባሕርያት ዕድገትና ግንኙነት በሞቶ ሀጊዮ «የቶማ ልብ»

1. መግቢያ

በልብወለድ ጥናት ውስጥ የገጸ ባሕርይ ዕድገት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ ገጸ ባሕርዩ ከመነሻው እስከ መድረሻው ምን ያህል ተለወጠ የሚለው ነው። ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 ባሳተመው የልብወለድ ጥናቱ ገጸ ባሕርያትን ክብና ጠፍጣፋ ብሎ ሲከፍል፣ ለክብነት ያስቀመጠው መፈተኛ ገጸ ባሕርዩ አንባቢን በሚያሳምን መንገድ ማስገረም መቻሉን ነው። ይህ መፈተኛ ጠቃሚ ቢሆንም ገጸ ባሕርዩን ለብቻው አቁሞ የሚመለከት ነው። ሰው ግን በሕይወትም ሆነ በልብወለድ ለብቻው አይለወጥም። ስለዚህ «ምን ያህል ተለወጠ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን «በማን ምክንያት ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በአንድ የጃፓን ማንጋ ላይ ማንሣት ነው። ማንጋ ሥዕልና ጽሑፍ ተዋሕደው የሚተርኩበት፣ ብዙውን ጊዜ በመጽሔት በተከታታይ ወጥቶ በኋላ በመጽሐፍ መልክ የሚሰበሰብ የትረካ ዓይነት ነው። ለጥናቱ የተመረጠው የሞቶ ሀጊዮ «የቶማ ልብ» ሲሆን፣ ይህ ሥራ ዛሬ «ቦይስ ላቭ» ማለትም የወንድ ልጆች ፍቅር ለሚባለው ዘውግ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ነው። አንባቢ ከሃይማኖቱና ከባህሉ ተነሥቶ በጭብጡ ላይ የራሱ አቋም ሊኖረው ይችላል። የሐያሲ ተግባር ግን ገጸ ባሕርያቱ እንዴት እንደ ተቀረጹና እርስ በርስ እንዴት እንደ ተሣሠሩ መርምሮ ማሳየት ስለ ሆነ፣ ትንተናው በዚሁ ይወሰናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው።

2. ሥራው የወጣበት ዘመን

ሞቶ ሀጊዮ በ1949 በፉኩኦካ ግዛት በኦሙታ ከተማ ተወለደች፤ የመጀመሪያ ሥራዋን ያሳተመችው በ1969 ነው። በጃፓን ከእርሷ በፊት የነበረው የልጃገረዶች ማንጋ በአመዛኙ በወንዶች የሚጻፍና የሚሣል ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን ወጣት ሴቶች ብዕሩን ከወንዶቹ ተረክበው የዘውጉን መልክ ለወጡት። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ በሾዋ ዘመን አቆጣጠር በ24ኛው ዓመት፣ ማለትም በ1949 ወይም በዚያ አካባቢ የተወለዱ በመሆናቸው «የ24 ዓመት ቡድን» የሚል ስም ወጣላቸው። ሀጊዮና የሙያ ጓደኛዋ ኬይኮ ታኬሚያ በቶኪዮ ኦይዙሚ በተባለ ሠፈር አብረው ይኖሩ ነበር። ኖሪዬ ማሱያማ የተባለች ወዳጃቸው ደግሞ ከአውሮፓ ልብወለድና ፊልም ጋር ታስተዋውቃቸው ነበር። ሀጊዮ በ1970 ያየችው፣ ዣን ዴላኖይ በ1964 ያዘጋጀው የፈረንሳይ ፊልም በአንድ የካቶሊክ አዳሪ ትምህርት ቤት ስለሚገኙ ሁለት ልጆች ፍቅርና ስለ አንደኛው አሟሟት የሚተርክ ነው። «የቶማ ልብ» የተፀነሰው ከዚህ ፊልም ነው።

ሥራው በቀጥታ ለኅትመት አልበቃም። ደራሲዋ በግል ታዘጋጀው ከነበረው ረጅም ታሪክ ገጸ ባሕርያትን ወስዳ በ1971 «የኅዳር ጊምናዚየም» የተሰኘ አጭር ሥራ አወጣች። ይህንንም አጭር ታሪክ መጀመሪያ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ልታደርገው ሞክራ እንደ ነበር፣ ነገር ግን ታሪኩ እንደ ፈለገችው ሊሄድላት ባለመቻሉ ወደ ወንዶች እንደ ለወጠችው ራሷ ተናግራለች። ይህ የምርጫ ጉዳይ ለዘውጉ ሁሉ ቁልፍ ነው። ጸሐፊዋም አንባቢዋም ሴት በሆነችበት መጽሔት ላይ የሩቅ አገር ወንድ ልጆች መቅረባቸው፣ አንባቢዋ «ሴት ልጅ እንዲህ አታደርግም» ከሚለው ልማድ ርቃ የገጸ ባሕርዩን ውስጣዊ ስሜት እንድትከታተል ያስችላታል። ልጆቹ ወንዶች፣ አገሩም ጀርመን የሆነው ስለ ወንዶች ወይም ስለ ጀርመን መረጃ ለመስጠት ተብሎ ሳይሆን የትረካ ርቀት ለመፍጠር ነው።

ረጅሙ ታሪክ «ሳምንታዊ ሾጆ ኮሚክ» በተባለው መጽሔት ከግንቦት እስከ ታኅሣሥ 1974 በተከታታይ ወጣ። በመጀመሪያው ክፍል ላይ የተደረገው የአንባቢዎች መጠይቅ ሥራውን በመጨረሻ ደረጃ ስላስቀመጠው አዘጋጆቹ ሊያቋርጡት አስበው ነበር። ይሁንና በዚያው ጊዜ የደራሲዋ ሌላ ሥራ፣ «የፖ ቤተሰብ»፣ በመጽሐፍ ሲወጣ የመጀመሪያው 30,000 ቅጂ በሦስት ቀን ውስጥ ተሸጦ በማለቁ «የቶማ ልብ» እስከ ፍጻሜው እንዲቀጥል ተፈቀደለት።

3. የታሪኩ ጭብጭብ

መቼቱ በጀርመን የሚገኝ ሽሎተርቤትስ የተባለ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በክረምቱ መጨረሻ፣ በረዶ ገና ሳይቀልጥ፣ የ13 ዓመቱ ቶማ ቬርነር ከባቡር ሐዲድ በላይ ካለ የእግረኛ ድልድይ ወድቆ ይሞታል። ትምህርት ቤቱ አደጋ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ከሞቱ በኋላ ግን ከእርሱ የተላከ አጭር ደብዳቤ ለዩሊ ይደርሰዋል። ዩሊ በትምህርቱም በጠባዩም የተመሰገነ የተማሪዎች አለቃ ሲሆን፣ ቀደም ሲል የቶማን ፍቅር በሌሎች ተማሪዎች ፊት አቃልሎ መልሶታል። ቶማ በደብዳቤው ፍቅሩን ይገልጽለታል፤ ሞቱም በፈቃዱ የሆነ መሆኑን ዩሊ ከዚያ ይረዳል።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ኤሪክ የተባለ አዲስ ተማሪ ይመጣል። መልኩ ቁርጥ ቶማን ነው፤ ጠባዩ ግን ቁጡና ያሰበውን በግልጥ የሚናገር፣ የቶማ ተቃራኒ ነው። ዩሊ ይህን ልጅ ሊያሠቃየው የመጣ የሟቹ ጥላ አድርጎ ያየዋል። በመካከላቸው የዩሊ የመኝታ ክፍል ተጋሪ የሆነው ኦስካር አለ። ኦስካር ዩሊን ይወዳል፤ የዩሊንም ምሥጢር በከፊል ያውቃል። ታሪኩ ወደ ፊት እየሄደ ሲመስል በምልሰት ወደ ኋላ ይቆፍራል። በመጨረሻም ዩሊ ቶማን የገፋው ስለማይወደው ሳይሆን ራሱን ለመወደድ የማይገባ አድርጎ ስለቈጠረ መሆኑ ይታወቃል።

4. ዩሊ፦ ማንበብ ያቃተው ተቀባይ

በዚህ ጽሑፍ እምነት «የቶማ ልብ» ከመነሻው እስከ መድረሻው የአንድ ደብዳቤ ንባብ ነው። ደብዳቤው በመጀመሪያዎቹ ገጾች ለተቀባዩ ይደርሳል፤ ቃላቱም ግልጽ ናቸው። ዩሊ ግን ሊያነበው አይችልም። ፊደሉን ያያል እንጂ «ይህ ለእኔ ነው» ብሎ ሊቀበለው አቅም የለውም። በእርሱ ዘንድ ደብዳቤው ክስ ነው። የዩሊ ዕድገትም ይህን ክስ ወደ ስጦታ ለውጦ ለማንበብ እስኪበቃ ድረስ የሚጓዘው መንገድ ነው።

ለዚህ ያበቃው ምን እንደ ሆነ ደራሲዋ ቀስ በቀስ ትገልጣለች። ዩሊ በአንድ በኩል ቶማን ይወድ ነበር፤ በሌላ በኩል ደግሞ ዚግፍሪድ ወደ ተባለ ክፉ የበላይ ክፍል ተማሪ ይሳብ ነበር። ወደ ዚግፍሪድ በሄደ ጊዜ እርሱና ጓደኞቹ በዩሊ ላይ ሰቆቃ ፈጸሙበት፤ በጀርባው ላይ የአርጩሜ፣ በደረቱም ላይ የሲጋራ ጠባሳ ቀረ። በደሉ እስከ ምን ድረስ እንደ ሄደ ደራሲዋ በዝምታ ታልፈዋለች። ዩሊን የሰበረው ግን ሕመሙ ብቻ አይደለም። ወደዚያ የሄድኩት በራሴ እግር ነው የሚለው ጸጸት ከበደሉ ጋር ተዳብሎ በደለኛው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ ያሳምነዋል። ከዚህም ሌላ አባቱ የግሪክ ዘር ያለበት በመሆኑና ጥቁር ጠጉር ስላለው ከእናቱ እናት ንቀት ሲደርስበት አድጓል። ስለዚህ እንከን የሌለበት ሰው ሆኖ ለመታየት የሚያደርገው ጥረት ከሰቆቃው በፊት የጀመረ ነው። የተማሪዎች አለቃ፣ ትሑትና ቅን የሆነው ዩሊ ለራሱ የሠራው መሸሸጊያ ነው።

ዩሊ ይህን ሁሉ የሚያስበው በክንፍ ትእምርት ነው። ሌሎቹ ልጆች ወደ ሰማይ የሚያደርሳቸው ክንፍ አላቸው፤ የእርሱ ተነቅሏል። የሥራው ግጭት በዩሊና በኤሪክ መካከል የሚካሄድ ቢመስልም መሠረቱ ውስጣዊ ነው፤ የሚፋለሙት የተሰጠውን ፍቅርና ራሱ በራሱ ላይ የፈረደው ፍርድ ናቸው።

5. ኤሪክ፦ ከምስል ወደ ሰው

ኤሪክ ወደ ታሪኩ የሚገባው የሌላ ሰው ምስል ሆኖ ነው። ሁሉም በእርሱ ውስጥ ቶማን ይፈልጋሉ። ልጃቸውን ያጡት የቶማ ወላጆች እንኳ እንደ ልጃቸው ሊወስዱት ይመኛሉ። ኤሪክ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠላው ይህንኑ ነው። የእርሱ ጭንቀት ሌላ ነው፤ እናቱን ከመጠን በላይ ይወዳል፣ ከእርሷ ወዳጅም ይቀናል። እናቱ በመኪና አደጋ ስትሞት የነበረው ዓለም ይፈርሳል።

ለገጸ ባሕርይ ጥናት ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ኤሪክ የሚያድገው ቶማን በመምሰል አይደለም። ያደገው ራሱን ሆኖ፣ በራሱ ሐዘን ውስጥ አልፎ፣ ከራሱ ውጭ ላለ ሰው ማሰብ ሲጀምር ነው። ዩሊን መውደዱን ሲረዳም የእኔን ክንፍ ውሰድ የሚል ስጦታ ያቀርብለታል። ይህ ቃል የታሪኩ መታጠፊያ ነው፤ ዩሊ ምሥጢሩን የሚናገረውም ከዚህ በኋላ ነው። ኤሪክ የተናገረው ቶማ በሞቱ ሊል የፈለገውን ነው፤ ልዩነቱ ግን ኤሪክ በሕይወት ያለ፣ የሚቈጣና የሚመልስ መሆኑ ነው። ዩሊ የሟቹን ደብዳቤ ማንበብ የቻለው ሕያው የሆነ ሰው ያንኑ ነገር ፊት ለፊት ሲነግረው ነው።

ይህን ከ1971ዱ «የኅዳር ጊምናዚየም» ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚያ አጭር ሥራ ቶማና ኤሪክ ሳይተዋወቁ ተለያይተው ያደጉ መንትዮች ሲሆኑ፣ የቶማ ሞት የሚመጣው በታሪኩ መጨረሻ ነው። መመሳሰላቸው በሥጋ ዝምድና ይፈታል፤ ሞቱም ታሪኩን ይዘጋል። በ1974ቱ ሥራ ሞቱ ወደ መግቢያው ተዛውሯል፣ ዝምድናውም ቀርቷል። ውጤቱ ሰፊ ነው። ሞት መደምደሚያ ሲሆን አንባቢ ያዝናል፤ መነሻ ሲሆን ግን ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ መልስ መስጠት ይገደዳሉ። ያንኑ ስምና ያንኑ መልክ የያዙ ገጸ ባሕርያት በትልም ለውጥ ብቻ ሌላ ሰው መሆናቸው፣ ገጸ ባሕርይና ትልም የማይነጣጠሉ ለመሆናቸው ጥሩ ማስረጃ ነው።

6. ኦስካር፦ የሚጠብቅ ፍቅር

ኦስካር ከዕድሜው በላይ የበሰለ፣ ቀልደኛና ቸልተኛ የሚመስል ልጅ ነው። በልጅነቱ እናቱ ተገድላለች። ገዳዩ እንደ አባት ያሳደገው ጉስታፍ ነው፤ ልጁ የሌላ ሰው መሆኑን ባወቀ ጊዜ ተኩሶ ገደላት። በኋላም ልጁን እዚህ ትምህርት ቤት አምጥቶ ትቶት ሄደ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወላጅ አባቱ መሆኑን ኦስካር ያውቃል፤ ግን አይናገርም። ልጄ ብሎ እስኪጠራው ይጠብቃል።

ዩሊንም የሚወደው በዚሁ መንገድ ነው። ያውቃል፣ ይጠብቃል፣ አይጫንም። በዩሊ ላይ የደረሰውን እየጠረጠረ ራሱ እስኪናገር ይታገሣል። በኦስካር ዘንድ ከአባት ጋር ያለው ግንኙነትና ከጓደኛ ጋር ያለው ግንኙነት አንድ ቅርጽ አላቸው፤ ደራሲዋ ስለ ገጸ ባሕርዩ በቃል ሳታብራራ በሁለቱ ተመሳሳይነት ታሳየናለች። በ1980 ያወጣችው «ጎብኚው» የተሰኘ ሥራ የኦስካርን የቀደመ ታሪክ ሲተርክ ይህንኑ ያጠናክራል። በዚያ ሥራ በአንድ አዳኝ ላይ ሊፈርድ የመጣ አምላክ በቤቱ የተኛ ሕፃን አይቶ ሳይፈርድ ስለ መመለሱ የሚነገር ተረት አለ። ኦስካር ሊሆን ይመኝ የነበረው ያንን ሕፃን ነው፤ በመኖሩ ብቻ ለአባቱ ምሕረት የሚያስገኝ ልጅ። ስለዚህ ቶማ በሞቱ፣ ኤሪክ በቃሉ፣ ኦስካር ደግሞ በመጠበቁ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሰው በሌላው ፍቅር ምክንያት ከራሱ ፍርድ ሊያመልጥ ይችላልን?

7. የግንኙነቶቹ ሰንሰለት

በሥራው ውስጥ ያሉት ግንኙነቶች በጥንድ የቆሙ አይደሉም፤ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አንቴ የተባለው ተማሪ ኦስካርን ይወዳል፤ ኦስካር ዩሊን ይወዳል፤ ቶማ ዩሊን ወደደ፤ ዩሊ ቶማን እየወደደ ወደ ዚግፍሪድ ሄደ። አንቴ ዩሊን ከኦስካር ለማራቅ ሲል «ዩሊን የሚያሸንፍ ማን ነው?» የሚል ውርርድ ከቶማ ጋር ይገባል። ለአንቴ ጨዋታ የነበረው ለቶማ እውነት መሆኑን የሚረዳው ዘግይቶ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ እያንዳንዱ በአንድ አቅጣጫ ወዳጅ፣ በሌላው ተወዳጅ ነው። ሁሉም ፍቅርን የመለመንንም የመንፈግንም ሕመም ያውቃል።

ይህ አሠራር ከኋለኛው የዘውጉ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይታያል። «ሾኔን-አይ» ይባል የነበረው የ1970ዎቹ ጽሑፍ በታኬሚያ «የነፋስና የዛፎች መዝሙር» (1976–1984) እና በ1978 በተመሠረተው «ጁኔ» መጽሔት በኩል እየሰፋ ሄዶ፣ በ1990ዎቹ ቦይስ ላቭ በሚል የገበያ ስም ታወቀ። በዚህ ጊዜ በብዙ ሥራዎች ውስጥ ከሁለቱ ወዳጆች አንደኛው ጀማሪ፣ ሌላው ተቀባይ የሚሆንበት ቋሚ ክፍፍል ተለመደ። ክፍፍሉ ለአንባቢ የታወቀ መንገድ ይሰጣል፤ በጥሩ ደራሲ እጅም ሲገባ የሚገለበጥ ደንብ ሆኖ ያገለግላል። በደካማ እጅ ግን ጠባይ ከሚና ይመነጫል፤ ገጸ ባሕርዩ ማን እንደ ሆነ የሚወስነው የቆመበት ቦታ ይሆናል። «የቶማ ልብ» ከዚህ ክፍፍል በፊት የተጻፈ በመሆኑ ሚና ከጠባይና ከታሪክ ሲመነጭ እናይበታለን።

8. ሥዕሉ እንደ ውስጣዊ ንግግር

የቃል ልብወለድ የገጸ ባሕርይን ሐሳብ በተራኪ ወይም በውስጣዊ ንግግር ያቀርባል። ማንጋ ሌላ መሣሪያ አለው። ሀጊዮና የዘመን ጓደኞቿ ሐሳብን ከንግግር ክብ አውጥተው በገጹ ባዶ ቦታ ላይ እንዲንሳፈፍ አደረጉ። ሥዕሎቹን የሚለያዩት መስመሮችም በስሜት ጫፍ ላይ ይጠፋሉ፤ ትዝታውና አሁን የሚሆነው በአንድ ገጽ ላይ ይደራረባሉ። በዚህ ዘዴ ምልሰት እንደ ተለየ ክፍል አይመጣም፤ ገጸ ባሕርዩ እያየ ሳለ ያለፈው በዓይኑ ፊት ይቆማል።

የመልክ አሣሣልም ለጠባይ ያገለግላል። የዩሊ ጠጉር በጥቁር ቀለም የተሞላ ነው፤ የቶማና የኤሪክ ግን በቀጭን መስመር ብቻ ተሥሎ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ኤሪክ በገጹ ላይ በታየ ቁጥር አንባቢ፣ ልክ እንደ ዩሊ፣ ለአፍታ ቶማን ያያል። ስለዚህ የዩሊን ስሕተት በቃል ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንባቢው ራሱ ይሳሳታል። የኤሪክ ጠባይ እየጎላ ሲሄድ ደግሞ ያው መልክ ሌላ ሰው ሆኖ ይታየናል። የአንባቢ ዓይን ከገጸ ባሕርዩ ጋር አብሮ ያድጋል ማለት ነው።

9. የቶማ ጉዳይ

ከሁሉ ከባድ የሆነው የቶማ አቀራረብ ነው። ቶማ አይለወጥም፤ ሞቶአልና። በፎርስተር አነጋገር ጠፍጣፋ ሊባል ይችላል። ይሁንና ለዚህ ሥራ ጠፍጣፋነቱ ጥቅም አለው። እርሱ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሲቀር የሌሎቹ መንቀሳቀስ በእርሱ ይለካል። በሥራው መግቢያ ላይ የሚገኘው ጽሑፉ፣ ሰው ወዳጁ ሲረሳውም ዳግመኛ እንደሚሞት ያመለክታል። በዚህ መሠረት ቶማ የሚኖረው በሌሎቹ ትውስታ ውስጥ ነው፤ ማንነቱም እነርሱ በተለወጡ ቁጥር ይለወጣል። ለአንቴ የውርርድ ተፎካካሪ፣ ለዩሊ ከሳሽ፣ ለኤሪክ የተጠላ መስታወት የነበረው ልጅ በመጨረሻ ሰጪ ይሆናል።

ድክመቱም ከዚሁ ይነሣል። ሕይወትን ማጥፋት ለሌላ ሰው መዳኛ የሚሆን ስጦታ ነው የሚለው ሐሳብ በቀላሉ የሚቀበሉት አይደለም። ጸጸት በተጫነው ልጅ ትከሻ ላይ ሌላ ሞት መጨመር ፍቅር ነውን? ደራሲዋ ጥያቄውን በቶማ አንደበት አትመልስም። የሥራው አወቃቀር ግን በከፊል ይመልሳል፤ ሞቱ ብቻውን ዩሊን አላዳነውም፤ ከነአካቴው ሊያጠፋው ተቃርቦ ነበር። ያዳነው የኤሪክ ቃል፣ የኦስካር ትዕግሥትና ነገሩን ተረድተው ወደ ማኅበራቸው የመለሱት ጓደኞቹ ናቸው። አንባቢ ቶማን ሳያወድስ ሥራውን ሊያደንቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዩሊ በመጨረሻ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ በቦን ወደሚገኝ የካህናት ማሠልጠኛ ይሄዳል። ኤሪክና ኦስካር ይቀራሉ። ይህ ፍጻሜ ሁለት ወዳጆችን አጣምሮ ከሚዘጋ የፍቅር ታሪክ ይለያል። ሕያዋኑን ትቶ ወደ ሟቹ ሄደ የሚል ወቀሳ ሊነሣበት ይችላል። በሌላ ወገን ግን ከቶማ ሞት ጀምሮ ከሰው ሁሉ ይሸሽ የነበረው ዩሊ፣ አሁን የሚለያቸው ተሰናብቶ ነው፤ ምሥጢሩን ነግሮአቸው፣ እንደሚወዱትም አውቆ ይሄዳል። መሸሽና መሄድ እንደሚለያዩ የሚያሳየው ይህ መሰናበት ነው።

10. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንደ ተሞከረው፣ በ«የቶማ ልብ» ውስጥ የገጸ ባሕርይ ዕድገት የሚለካው ገጸ ባሕርዩ በሠራው ጀብዱ ሳይሆን ለመቀበል በቻለው ነገር ነው። ዩሊ አዲስ እውነት አላገኘም፤ በመጀመሪያ የተላከለትን አነበበ። ለማንበብ ያስቻሉት ደግሞ በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም እርሱን ሲረዱ እያንዳንዳቸው ከየራሳቸው ሐዘን አንድ እርምጃ ወጥተዋል። ሀጊዮ በ2012 ከጃፓን መንግሥት የክብር ሜዳይ የተሸለመች የመጀመሪያዋ የልጃገረዶች ማንጋ ሴት ደራሲ ብትሆንም፣ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ዋናው ነገር ሽልማቱ አይደለም። ማንኛውንም ልብወለድ ሲመረምር ጠፍጣፋ ብሎ ሊያልፈው በተዘጋጀው ገጸ ባሕርይ ላይ ጥቂት ቆሞ «ይህ ሰው ባይለወጥም በእርሱ የሚለካው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅን ከዚህ ሥራ ይማራል።